ሃያ ቀን ያደረ መርዶ

አንለይ እባላለሁ፤ የአምባ ዘጠኝ እድር ጡሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች እየዞርኩ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጠራለሁ። በቀረው ጊዜ እንደማንም ገበሬ በቆሎ አርሳለሁ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ሲብስብኝ "አባትህ!" እላለሁ። ምላሴ ክፉ ነው፤ አገር ያውቀዋል። ይህን ምላስ ይዤ ግን አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ያ ነገር እስከዛሬ አልወጣልኝም።

የማወራችሁ ስለ እታለም ነው። እታለም አልቃሽ ናት፤ ሙሾ ታወርዳለች። በሰባ ሰባት ደርግ ከወሎ ጭኖ አምጥቶ አሶሳ ሲያራግፈን አስራ አምስት ዓመት አይሞላትም ነበር። እናቷም አልቃሽ ነበሩ። በመጀመሪያው ክረምት ወባው ሰዉን ሲያጭደው እናትየው ድምፃቸው እስኪዘጋ ለሁሉም አለቀሱ፤ በመጨረሻ እሳቸው ሲሞቱ የሚያለቅስላቸው ጠፋ። እታለም አፏን የከፈተችው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች። "እኔና አንተ የሞት ተቀጣሪዎች ነን፤ ጡረታ ብቻ ነው የቀረን" ትለኝ ነበር።

ሙሾ ለማያውቅ ሰው ጩኸት ይመስለዋል። ጩኸትማ ማንም ይጮኻል። የእታለም ስራ የሚጀምረው ከልቅሶው በፊት ነው። ጡሩምባውን ስትሰማ ቀጥታ ወደ ሟቹ ቤት ትሄዳለች፤ በመንገድ ከማንም ጋር አታወራም። ከዚያ ሟቹ በእጁ ይዞት የኖረውን አንድ እቃ ትጠይቃለች። ማረሻም ይሁን ማንኪያ ግድ የላትም። ያንን በሁለት እጇ ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጥና እስኪሞቅ ትጠብቃለች። ብረት ከሆነ ይቆያል። ሰው ተሰብስቦ እኔ "ኧረ እታለም፣ ፍጠኚ እንጂ!" ስላት እንኳ አትሰማኝም። እቃው እስኪሞቅ ምን እንደምታደርግ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት።

"ምንም" አለችኝ። "ስለ ጎመኑም ስለ ጎረቤቱም ማሰቤን እተዋለሁ፤ ሰውየው ብቻ እስኪቀር። ሙሾ እኮ ከጭንቅላት አይወጣም አንለይ፤ ፊትህ ካለው ነገር ነው የሚነሳው። ጭንቅላትህ ሲያወራ ሙሾው ይሸሻል።"

ልብስ ሰፊው ምንያህል የሞተ ጊዜ መቀሱን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የስፌት መኪናው ላይ አንድ እጅጌ የቀረው የተማሪ ዩኒፎርም እንደተወጠረ አለ። ወጥታ እንዲህ አለች፦

አንዱ እጅጌ ገባ አንዱ ቀረ እንዳለ፣
ምንያህል ምን ጠራህ ክሩ ሳይቋጭ ሳለ?

የምንያህል ሚስት እስከዚያች ሰዓት ደርቃ ቀርታ ነበር፤ ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ አለ። ልማዳችን ነው፣ አልቃሿ ስንኙን ስትጨርስ ለቀስተኛው ተቀብሎ ይደግመዋል፤ ማንም ሰው አፉን ዘግቶ አይቆምም። ሁላችንም ተቀበልን።

ሌላም ልማድ አለን። በሙሾ ውስጥ የሟች ስም ይጠራል። በህይወት ያለ ሰው ስም ግን በስህተት እንኳ ከገባ ሟርት ነው። የአምባ አምስቷ አልቃሽ አንዴ አምታታችውና የሟቹን ወንድም ስም ጠራች። ሰዉ "ክፉ አይንካው! ምላስሽን ያዢ!" ብሎ አናቷ ላይ ጮኸባት፤ ወንድምየው ራሱ ከድንኳኑ ጥግ ብድግ ብሎ "አለሁ! ኧረ አለሁ!" አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ጠርቷት አያውቅም። እታለም በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስም አልሳተችም።

አንድ ልጅ አላት፤ ይልቃል። አሶሳ ከተማ የሰው ባጃጅ ይነዳ ነበር። ቤንዚን እየጠፋ፣ ሰልፍ ላይ ውሎ እያደረ ምርር አለውና ባለፈው ጥር "መንጌ ሄጄ ወርቅ እቆፍራለሁ" ብሎ ተነሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አልኩት። "ጋሼ አንለይ፣ አንተ ደግሞ ሰው ሳይሞት አትንፋ" ብሎ ሳቀብኝና ሄደ። በየእሁዱ ይደውልላት ነበር። በሰኔ ሁለተኛው እሁድ ሳይደውል ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቀረ።

"ዝናብ ነው፣ ኔትወርክ የለም" አልን። እሷ ግን እየደወለች ስልኩ ውስጥ ያለችውን ሴትዮ ትሰማለች፦ "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ጥሪ አይቀበሉም።" አረም ላይ ሆና ትደውላለች፣ ውሃ ስትቀዳ ትደውላለች፣ ቤተክርስቲያን ደጅ ቆማ ትደውላለች።

በዚያው ሰሞን የወፍጮ ቤቱ ሰራዊት ሞተ። ሰራዊት ማለት እንደ ሸመል የቀጠነ፣ ከዓመት ዓመት ቅንድቡ ዱቄት የማያጣ ሰው ነበር። እታለም የወፍጮውን መጥረጊያ ይዛ ተቀመጠች፤ ሳይቆይ ተነሳች። ወጥታ "ዋርካው ወደቀ" አለች። "አንበሳው ተኛ" አለች። ኧረ የምን ዋርካ፣ የምን አንበሳ! እኔ ብሆን እንኳ ዱቄቱን አነሳ ነበር። የሰራዊት ሚስት መቀበሉን ትታ አንገቷን ደፍታ መሬት ትጭር ነበር።

ከቀብር ስንመለስ "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት፤ ማለሳለስ አላውቅበትም። "ለማንም የሚባለውን ለሰራዊት አልሽለት።"

"መጥረጊያው አልሞቅ አለኝ" አለች። "ይዤው ሳለሁ ያቺ የስልኳ ሴትዮ ታወራለች። እሷ ስትጨርስ ይልቃል ይጠራኛል። እሱ ሲያቆም እኔው እጀምራለሁ፤ ታሞ ይሆን፣ ታስሮ ይሆን፣ ተርቦ ይሆን። ጭንቅላቴ የቅዳሜ ገበያ ሆነ አንለይ። ሰራዊት ፊቴ ነበር፤ አላየሁትም። ሟች አታለልኩ።" ከዚያ እንደማንም ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች አለቀሰች። ለራሷ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ያልሞከረችው የለም። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀች። በርበሬ ስትወቅጥ ዋለች፤ የሙቀጫው ድምፅ የውስጡን ይሸፍንልኛል ብላ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ስርጉት ደግሞ "አይንሽን ጨፍነሽ ትንፋሽሽን ብቻ ቁጠሪ፤ ሐሳብ ሲመጣ ይለፍ ብለሽ ተይው" አለቻት። ሞከረችው።

"ዘጠኝ ደረስኩ" አለችኝ። "አስር ልል ስል ልጄ መጣ። ልጄን እንዴት ብዬ ይለፍ ልበለው? ይግባ እንጂ!"

ሐምሌ ሶስት ቀን ሐመድ የሚባል ሰው ከመንጌ መጥቶ ቤቴን እየጠየቀ አገኘኝ። የበርታ ሰው ነው፤ ከይልቃል ጋር አንድ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በእጁ አንድ ፌስታል ይዟል።

"አንተ ጡሩምባ ሰውዬ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"ይልቃል ነገረኝ። እናት ሙሾ፣ አንተ ጡሩምባ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ጉድጓድ ተናደ። ሰኔ ስምንት። እኔ ላይ ነበር፣ እሱ ውስጥ ነበር። ሃያ አምስት ቀን ቆፈርን። ውሃ እንቀዳለን፣ ይሞላል፤ እንቀዳለን፣ ይሞላል። አልተገኘም። አላህ ይርሐመው።" ፌስታሉን ሰጠኝ፤ የይልቃል ጃኬት ነው፤ ሲወርድ አውልቆት የሄደው። "እናት ፊት እኔ ማየት አልችልም። አንተ ንገር።" ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

በደንባችን መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በር ያንኳኳል፤ ከዚያ እኔ እነፋለሁ። ስለዚህ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ በኃይሉ ሮጥኩ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችም ተጠሩ። ጓዳ ውስጥ የበኃይሉ እናት እማማ በቀለች ታመው ተኝተዋል፤ ሲተነፍሱ እስከ ሳሎን ይሰማል።

"ሬሳ ሳይገኝ ምን መርዶ አለ?" አለ በኃይሉ።

"ሐመድ በአይኑ አይቷል።"

"እታለም ደም ግፊት አለባት። አረሙም አላለቀ። ትንሽ እንታገስ።"

"እስከ መቼ?"

በኃይሉ ወደ ጓዳው አየ። ከዚያ እውነቱን አፈረጠው። "እናቴ ዛሬ ነገ እያለች ነው፤ ይኸው ትሰማለህ። እታለም ሐዘን ከተቀመጠች ማን ሊያለቅስላት ነው? ያቺን የአምባ አምስቷን ላምጣ? እናቴን ትሸኝልኝ፤ በማግስቱ እኔው ራሴ በሯን አንኳኳለሁ።"

"ዝም አይነቅዝም" አሉ ሽማግሌዎቹ።

እኔስ? ለልጅ "አባትህ!" የምለው ሰውዬ አንዲት ቃል ጠፋችኝ። ልናገር ካልኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር፤ እኔም ስሞት እታለም እንድታለቅስልኝ እመኛለሁ፤ ስለዚህ በኃይሉ ለእናቱ መመኘቱ ገባኝ። ጃኬቱን ወስጄ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ቀበርኩት።

በሶስት ቀን ውስጥ አምባ ዘጠኝ በሙሉ ሰማ፤ ከእናትየው በስተቀር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁሉም ዋጠው። ግን ሰዉ ሳያስበው ደግ ሆነባት። ሳትጠራቸው መጥተው በቆሎዋን አረሙላት። ወተት ይላክላታል። "እንዴ! ዘንድሮ ምን ነካችሁ?" ትላለች። እኔን መንገድ ላይ ስታገኘኝ "አንለይ፣ ከመንጌ የመጣ ሰው አላየህም?" ትለኛለች።

"አላየሁም።"

በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ በየቀኑ አላየሁም እላለሁ። ከሰው ጋር እያወራች ሐሳቧ ይሄዳል፤ ወጥ ጥዳ ትረሳለች፤ ከሳች። ያንን ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ገበያ እኔ በአንድ ቃል ልበትነው እችል ነበር። ወይ ጉድ! አየኋት፣ አለፍኳት፣ በቆሎዬን አረምኩ።

ሐምሌ ሃያ ሶስት ማለዳ እማማ በቀለች አረፉ። ነፋሁ።

እታለም መጣች። አስከሬኑን ያጠቡት ሴቶች ከእማማ አንገት የፈቱትን ቁልፍ ሰጧት። ያን ቁልፍ የማያውቅ የለም። እማማ በቀለች ከወሎ ሲነሱ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ዛሬ ነገ እመለሳለሁ ብለው አንገታቸው ላይ ያሰሩት ነው። ቤቱ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። እታለም ቁልፉን ይዛ ጓዳ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እንደዚያ ቀን ቆይታ አታውቅም። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፣ በኃይሉ ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አየኝ፣ ውጭ ዝናቡ ጀመረ። በመጨረሻ ወጣችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ሞቋል።

"ይልቃልን ውጭ አቆምኩት" አለችኝ። ፊቷ ፈካ ብሏል። "እማማን ልሸኝና እመለስልሃለሁ፣ እዚያው ጠብቀኝ አልኩት። እሺ አለኝ።"

እኔም ቁልፉን መለስኩላት።

ድንኳን ገባች፤ ከአስከሬኑ ራስጌ ቆመች፤ ጀመረች፦

አርባ ዓመት ባንገቷ ቁልፏን አንጠልጥላ፣
አንድም በር ሳትከፍት ሄደች ተጠቅልላ።

አይ እታለም! ከወሎ የመጣ ሁሉ የራሱን በር አሰበ። በኃይሉ ተንበረከከ። ተቀበልን። ሌላ አለች፤ ተቀበልን። በልቤ "እንኳን አልነገርናት" እስከማለት ደረስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ዝናቡ በረታና ሸራውን ይደበድበው ጀመር። ቀና ብላ ሸራውን አየች፦

ክረምቱ ገባ እኮ ዝናቡ አየለ፣
ና ግባ ይልቃል በሩ ክፍት ሳለ።

ስሙ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጩኸቱን ጠበቀች፤ "ክፉ አይንካው! ምላስሽን ያዢ!" መባሏን። እኔም ጠበቅኩ፤ እግዜር ያውቃል፣ አንድ ሰው እንዲያ ብሎ እንዲጮህ ለመንኩ።

ማንም አላለም። በምትኩ ድንኳኑ ፈነዳ። ሃያ ቀን የታፈነ ልቅሶ ነው። ሴቶች ደረታቸውን ደቁ፣ ትልልቅ ወንዶች "ወንድሜን! ልጄን!" አሉ። ለዘጠና ዓመት አሮጊት እንደዚያ አይለቀስም።

እታለም እጇን ከአፏ አወረደች። አርባ ዓመት ልቅሶ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው፤ ለእናት የሚለቀሰውንና ለልጅ የሚለቀሰውን ለይቶ ያውቃል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ አንድ በአንድ ፊታችንን አየች፤ በቆሎዋን ያረመላትን፣ ወተት የላከችላትን። ሁሉም አይኑን ሰበረ። በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሰች።

"አንለይ" አለች በቀስታ። "ስንት ቀኑ ነው?"

"ከሰማን ሃያ" አልኩ።

ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተንደረደርኩ። አልወደቀችም። ከሰኔ ጀምሮ ፊቷ ላይ የነበረው መቅበዝበዝ ጥፍት አለ። ወደ አስከሬኑ ዞረች። የሰው ልቅሶ ሳይጨርሱ መሄድ ነውር ነው፤ እሷ ደግሞ ነውር ሰርታ አታውቅም። ስንኙን ከመጀመሪያው አነሳችው፦

ክረምቱ ገባ እኮ ዝናቡ አየለ፣
ነይ ግቢ በቀለች በሩ ክፍት ሳለ።

ከዚያ በኋላ አንድም ስም አልሳተችም። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ለእማማ በቀለች ብቻ አለቀሰች፤ የተጣሉትን ባል፣ የቀበሩትን ልጅ፣ የተከሉትን ማንጎ ሳይቀር አነሳች። በህይወቴ እንደዚያ ያለ ሙሾ አልሰማሁም። በኃይሉ የፈለገውን አገኘ። መሬት ላይ ተደፍቶ ቀረ፤ ለእናቱ ይሁን ለሀፍረቱ አላውቅም። ስትጨርስ ቁልፉን በአስከሬኑ ደረት ላይ መለሰችና ማንንም ሳታይ በዝናቡ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ነፋሁ። "ይልቃል!" ብዬ ጠራሁ። ያው ድንኳን ተነቅሎ እሷ ደጅ ተተከለ። ሐመድም ሰምቶ ከመንጌ መጣ። ሁሉም ተሰበሰበ፤ ግን ማን ያውርድ? አስከሬን የለ፣ አልቃሽ የለ። 

ጃኬቱን ከጎተራ አውጥቼ፣ የበቆሎ ገለባውን አራግፌ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። የት እንደነበር አልጠየቀችኝም፤ አንዲት ገለባ ከኮሌታው ላይ አንስታ አየቻትና ጣለቻት። ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችው። ጨርቅ ቶሎ ይሞቃል፤ እሷ ግን ቆየች።

"ውሃ ላምጣልሽ?" አልኳት።

"ዝም በል አንለይ" አለችኝ። "አሁን ጸጥ ብሎልኛል።"

ተነስታ ቆመች። ጃኬቱን ከፍ አደረገችው። አይኗ እኔ ላይ ነበር፦

መርዶዬ ሳይነጋ ሃያ ቀን ከረመ፣
አንለይ ያ ጡሩምባህ ምን ሆኖ ታመመ?

ድንኳኑ ተቀበለ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ፤ በኃይሉ ተቀበለ። ሐመድ ቃሉን ሳያውቀው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ተቀበለ። ልማድ ነውና እኔም የራሴን ስም እየጠራሁ ተቀበልኩ።